ሰባ ለሠላሳ

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ በየሺመቤት ሳሎን ውስጥ አምስት ነበርን። የሺመቤት መስኮቱ አጠገብ ቆማለች፤ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች። ልጇ ሜሮን የምትደግፈውን ቡድን ማልያ ለብሳ በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ባለው በር ላይ፣ አንድ እግሯ ወዲያ አንድ እግሯ ወዲህ። ጋሽ መኮንን ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ ለሌሎቻችን እንዳይታየን አድርጎ። እህት አስቴር ከሶፋው ጀርባ፣ ሁለት እጇን መደገፊያው ላይ ጭና። እኔ ፍሪጁን ተደግፌ ነበር፤ ውስጡ ያለውን ኬክ የሺመቤት እንዳታየው በሩን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ሰፊ ሶፋ ነበረ፤ የተቀመጠበት ሰው አልነበረም።

ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረው የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ ያ በእጅ የሚወረወረው ሞላላ ኳስ። የፕሌይኦፍ ጨዋታ ነበር፤ የተሸነፈ ቡድን በዚያው ዓመቱን የሚዘጋበት። እኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ በዚያ ጨዋታ የሚወሰነው የየሺመቤት ቤት ነበር።

የሺመቤት ባለፈው ዓመት አረፈች። ሜሮን ደውላ ስትነግረኝ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። "እሺ ልጄ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። የምወርድበት ፌርማታ አለፈኝ። ለቅሶው ላይ የመጡት ሰዎች ስለ ደግነቷና ስለ ጨዋነቷ ተናገሩ፤ እውነት ነው። ስለ ኳሱ ግን ማንም አላነሳም፤ ለለቅሶ የማይሆን መስሏቸው ይሆናል። እኔም እዚያ አልተናገርኩም። እዚህ ልጻፈው።

የተዋወቅነው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የአረጋውያን መዋያ ነው። እኛ ዴይ ኬር ነው የምንለው። ጠዋት ቫን ከየቤታችን ይሰበስበናል፤ ቁርስ እንበላለን፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስፖርት እንሠራለን፣ ነርሷ የደም ግፊታችንን ትለካለች፣ ቢንጎ እንጫወታለን፤ ከሰዓት በኋላ ቫኑ ይመልሰናል። ያላየው ሰው የሚያንቀላፉ ሽማግሌዎች የተደረደሩበት ቤት ይመስለዋል። እኛ ጋ ግን ጥር ሲመጣ ጩኸቱ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ምክንያቱ የሺመቤት ነበረች።

አጠር ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፀጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ ሴት ነበረች። አዲስ አበባ ሳለች በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል ነበር የምትሠራው፤ ኮምፒውተር አንድ ክፍል ሙሉ በሚይዝበት፣ ትእዛዙም ካርድ እየተበሳ በሚሰጥበት ዘመን። "አንድ ጊዜ ካርዶቹ ከእጄ አምልጠው ደረጃው ላይ ተበተኑ፤ ቅደም ተከተላቸውን እስካገኝ ፀጉሬ ሸበተ። ከዚያ ወዲህ ያስቸኮለኝ ነገር የለም" ትል ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ዲቪ ደርሷት ሜሮንን ይዛ መጣች፤ እዚህም ጡረታ እስክትወጣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ መዝገብ ቤት ሠራች።

ስንጀምር አንቱ ነበር የምንባባለው። እኔ ቶሎ የምግባባ ሰው አይደለሁም። አንድ ጠዋት ቫኑ ውስጥ "ይሄ ሾፌር ሁልጊዜ ነው የሚዘገየው" ብዬ ሳጉረመርም ከፊት ወንበር ዞር አለች።

"ከስንት ስንቴ?"

"ምን አሉኝ?"

"ከአሥር ቀን ስንቱን ቀን ይዘገያል?"

አሰብኩ። "ሦስቱን ቢሆን ነው" አልኳት።

"እንግዲያው ሰባቱን ቀን በሰዓቱ መጥቶልሻል፤ አንድም ቀን አላመሰገንሽውም።"

በዚያው አንቺ አለችኝ፤ በዚያው ቀረ።

ይህን "ከስንት ስንቴ" የማትጠይቅበት ነገር አልነበረም። አንዱ ልጄ አይደውልልኝም ሲላት፣ ሌላዋ ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያውቃል ስትላት፣ ነርሷ እንኳ "ግፊትሽ አልፎ አልፎ ከፍ ይላል" ስትላት። የሚናደድባት ነበር። እኔ ወደድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎች ሁልጊዜና በፍጹም ሲሉ ስሰማ ኖሬ፣ የሚጠይቃቸው ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፉትቦሉ የመጣው በሜሮን በኩል ነው። ሜሮን እዚህ አገር ስትገባ ገና ልጅ ነበረች፤ ትምህርት ቤት ጓደኛ ያገኘችው በዚህ ኳስ ነው። እሑድ እሑድ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ በእንግሊዝኛ ትጮሃለች። "እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እሰማታለሁ" ብላ አጫውታኛለች የሺመቤት። "ልጄ ትናደድ፣ ደስ ይበላት አላውቅም። አንድ ቀን ሽንኩርቱን ትቼ ሄድኩና አጠገቧ ቁጭ አልኩ።" ሕጉን ለመረዳት ሁለት ክረምት ፈጀባት። ከገባት በኋላ ደግሞ ማየቱ ብቻውን አልበቃትም፤ አሮጌ ላፕቶፕ ገዝታ፣ ከሥራ መልስ እየተቀመጠች፣ ጨዋታውን ኮምፒውተር ውስጥ የሚያጫውት ፕሮግራም ጻፈች። ሜሮን አግብታ ወደ አሌክሳንድሪያ ስትሄድ ፕሮግራሙ ከእናትየው ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ቀረ።

ዴይ ኬር ይዛው የመጣች ቀን ትዝ ይለኛል። የቢንጎውን ጠረጴዛ ጠርጋ አስቀመጠችው። ጋሽ መኮንን ከላንግሊ ፓርክ ነው የሚመጣው፤ የድሮ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ስለሆነ አዲስ ነገር ሲያይ ትኬት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የሚጠጋው።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ቅዳሜ የሚገጥሙትን ሁለት ቡድኖች እዚህ ውስጥ አስገባኋቸው" አለችው። "ዓመቱን ሙሉ ስንት እንዳገቡ፣ ስንት እንደገባባቸው፣ ማን እንደተጎዳ፣ በማን ሜዳ እንደሚጫወቱ ነገርኩት። አሁን አሥር ሺህ ጊዜ ያጋጥማቸዋል።"

"አሥር ሺህ ጊዜ? አይደክማቸውም?"

"አንተን ነው የሚደክምህ። እነሱ ቁጥር ናቸው።"

እህት አስቴር ከወንበሯ ተነሳች። ጸሎተኛ ናት፤ ረቡዕና ዓርብ ምሳ አትበላም፤ ፌርፋክስ ካለው ቸርቻቸው አንድም እሑድ ቀርታ አታውቅም። "የሺዬ" አለች በለሆሳስ፣ "ገና ያልሆነን ነገር መናገር ጥንቆላ ነው።"

"ጠንቋይ ምን ይላል?" አለቻት የሺመቤት።

"እገሌ ያሸንፋል ይላላ።"

"እኔ እንደዚያ ብዬ አላውቅም። አሥር ሺህ ጊዜ አጫውቼም ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም ነው የምለው። የማላውቀውን ምን ያህል እንደማላውቅ ነው የምነግርሽ።"

እህት አስቴር ላፕቶፑን በጥርጣሬ አየችው። "ታዲያ የሚያውቀው ማነው?"

"እሱማ ያንቺው ጌታ ነዋ።"

"እንደዚህ ከሆነ ይሁን" አለችና ወንበሯን ስባ ላፕቶፑ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀድማ የምትጠይቀው እሷ ሆነች። የማታውቃቸውን ተጫዋቾች ጉልበትና ትከሻ እንደ ዘመድ ነበር የምታጣራው። "ያ የቺካጎው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ተሻለው ወይ?" ትላለች ቁርሷን ሳትጨርስ።

የሺመቤት ኮምፒውተሩ ሲያጫውት አታየውም ነበር። ማዘዣዋን ትጽፍና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ እጇን አጣምራ፣ ወደ መስኮቱ ትመለከታለች። "ለምንድን ነው?" ብዬ ጠይቄያታለሁ። "ዓይኔ ሥር ሲሆን አንዱን ወገን መደገፍ እጀምራለሁ" አለችኝ። ሲጨርስ ታዞረዋለች፤ እኛ አንገታችንን እናሰግጋለን፤ እሷ መነጽሯን ታደርጋለች፤ "ስድሳ አንድ ለሠላሳ ዘጠኝ" ትላለች። እዚያች ላይ ክፍሉ ይደበላለቃል።

ትልቁ ችግራችን ግን አንድ ነበር። የኛ ትውልድ ከመቶ የሚባል ነገር የሚያውቀው ከትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ነው። ሃምሳ ያመጣ አለፈ፤ ሰባ ያመጣ ተመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሺመቤት አንድ ቡድን ሰባ ከመቶ አለው ስትል እኛ የምንሰማው ማለፉን ነው። "ሰባማ አልፏል!" ይላል ጋሽ መኮንን፣ ጉዳዩ ያለቀ ያህል። ቡድኑ ሲሸነፍ ደግሞ ተናዶ ይመጣል፤ "ሰባ አምጥቶ እንዴት ይወድቃል? ያንቺ ኮምፒውተር ነጥብ ይሰርቃል!"

አንድ ቀን የቢንጎ ጠጠሮች አመጣች። ሰባት ቀይ፣ ሦስት ሰማያዊ ቆጥራ የጋሽ መኮንን ባርኔጣ ውስጥ ጨመረችና፣ "ሳታይ አውጣ" አለችው። እሱም እጁን ከተተ። ሰማያዊ አወጣ።

"ሳላይ ስለሆነ ነው። ድገሚልኝ።"

"ኮምፒውተር ውስጥ እንደግማለን። ሜዳ ላይ ግን አንዴ ነው።"

"አንዴ ከሆነማ ታዲያ ሰባውን ምን አደርገዋለሁ?"

"በሰባ ልክ ተስፋ ታደርጋለህ፣ በሠላሳ ልክ ትዘጋጃለህ" አለችው። ጠጠሮቹን ሰበሰበች። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ከእኛ መካከል የገባው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሰባ ስትል ያው "አልፏል!" ብለን ጮኸናል።

ከዚያ የድስቱ ነገር መጣ። ምስር ጥዳ፣ የኛ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ትከሻው መጎዳቱን ሰምታ ቁጥሩን ልታስተካክል ላፕቶፑ ጋ ተቀመጠች። ድስቱ አረረ፤ የጭሱ ደወል ጮኸ፤ የሕንፃው ነዋሪ በሙሉ በብርዱ ውስጥ ወደ ደጅ ወጣ፤ የእሳት አደጋ መኪና መጣ። የተቃጠለው ድስቱ ብቻ ነው። ሜሮን ግን ከአሌክሳንድሪያ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ ቀበቶውን በሥርዓት ሳታስር እየነዳች መጣች። ይህ ሁለተኛው ድስት ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በእናትና ልጅ መካከል አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚወራው። ሜሮን እናቷ አብራት እንድትኖር ትፈልጋለች። የሺመቤት ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግን ከለቀቀች የሚቀርባትን ታውቃለች። አሌክሳንድሪያ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ወንዙን መሻገር ነው። ግን ወንዙ ማዶ ሌላ ስቴት ነው፤ የሜሪላንድ የሕክምና ካርድ እዚያ አይሠራም፤ ዴይ ኬሩን የሚከፍልልን ደግሞ ያ ካርድ ነው። ሜሮንና ባሏ ቀኑን ሙሉ ሥራ ናቸው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት።

በጥር አንድ ዓርብ ሜሮን እናቷን ልትወስድ ዴይ ኬር መጣች። ካፖርታችንን እየለበስን ነበር።

"ማሚ፣ ሲሪየስ ነኝ" አለች። "ሊዝሽ ፌብሩዋሪ ላይ ያልቃል። ሪኒው አታደርጊውም። እኛ ጋ ሙቭ ታደርጊያለሽ።"

"እናንተ ጋ መጥቼ ከማን ጋር ልውል? ከማጠቢያ ማሽኑ ጋር?"

"ቤት ብትቃጠዪስ? እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይቆማል። ዱ ዩ ኖው ዛት? በጮኸ ቁጥር!"

የሺመቤት "ከስንት ስንቴ" ትላለች ብዬ ፈራሁ። አላለችም።

"ሜሪዬ፣ ይህን ክርክር አንጨርሰውም" አለች። "አንቺም ልክ ነሽ፣ እኔም ልክ ነኝ። የፊታችን እሑድ ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ የኛ ቡድን ይጫወታል። ካሸነፈ የቤት ኪራዩን ሊዝ ታድሺልኛለሽ፣ ሁለተኛ አታነሺብኝም። ከተሸነፈ ዕቃዬን ሰብስቤ እመጣለሁ፣ ሁለተኛ አላነሳብሽም።"

ጋሽ መኮንን አንድ እጁ ካፖርቱ ውስጥ፣ አንዱ ውጪ ሆኖ ቀረ።

"ኖ ዌይ" አለች ሜሮን። "አንቺ ኦልሬዲ ራን አድርገሽዋል።"

"አዎ፣ አጫውቻቸዋለሁ። ሰባ ለሠላሳ ለኔ ነው። አልደበቅሁሽም።"

"ሠላሳውን ነው የምትሰጪኝ?"

"እስከ ዛሬ ዜሮ ነው የነበረሽ።"

ሜሮን ሳቀች፤ ልትስቅ አልፈለገችም ነበር። ከዚያ እጇን ዘረጋች። "ሠላሳውን እወስዳለሁ።"

"የራስሽ ቡድን ነው እኮ እንዲሸነፍ የምትመኚው።"

"አይ ኖው" አለች ሜሮን። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ።

በመንገድ ላይ፣ እኔን ቤቴ ሊያደርሱኝ፣ ከኋላ ተቀምጬ ደጅ ደጁን ሳይ ሄድኩ። ሰኞ ግን ቫኑ ውስጥ ጠየቅኋት። "ቤትሽን በኳስ?"

"ጽጌ፣ እምቢ ብላት እሷን ረገጥኩ፤ እሺ ብላት ራሴን። በኳስ ከሆነ ማናችንም ማናችንንም አላሸነፍንም።"

"አትፈሪም?"

"ሠላሳ ከመቶ እፈራለሁ" አለችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

እኛ ግን አልፈራንም። ሰባ ነበረን! ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። እህት አስቴር ተጫዋቾቹን በየስማቸው እየጠራች ጸለየች። ጋሽ መኮንን ከሎረል የሚመጡትን ሳይቀር ሰብስቦ የቡድኑን ዘፈን በማይታወቅ እንግሊዝኛ አስዘፈነ። ወደ ሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ሰው ልኮ "ወይዘሮዋ አይለቁም፣ ቤቱን ለሌላ እንዳትሰጡ" አስባለ። ኬኩንም ያዘዝነው ያኔ ነው። ኬክ ቤት የሄድነው እህት አስቴርና እኔ ነን።

"ምን ተብሎ ይጻፍ?" አለች ልጅቷ።

"እንኳን ቀረሽልን።"

"ልትሄድ የነበረች ሰው አለች እንዴ?"

"ነበረች" አለች እህት አስቴር፣ ደረቷን ነፍታ። "ሰባ አላት።"

እሑድ ከሰዓት ስንደርስ ነፋስ ነበር። የመኪና ማቆሚያው ላይ ጋሽ መኮንን ኮፍያውን ሁለት ጊዜ አባሯል። የሺመቤት በሩን ከፍታ ሳንቀመጥ ነገረችን።

"ጠዋት የነፋሱን ወሬ ሰማሁ። የኛ ቡድን አብዝቶ የሚወረውር ነው፣ ነፋስ አይስማማውም። ደግሜ አጫወትኩት። ስድሳ አራት ሆኗል።"

"ስድሳ አራትም ያሳልፋል!" አለ ጋሽ መኮንን።

ሜሮን እናቷን አየቻት። "መቀየር ትችያለሽ፣ ማሚ።"

"በሰባ ተጨባብጬ በስድሳ አራት አልሸሽም" አለች የሺመቤት። "ቴሌቪዥኑን ክፈቺው።"

በየቦታችን ቆምን፤ መጀመሪያ ላይ እንዳልኩት።

ጨዋታው ሲጀመር ክፉ ነበር። ነፋሱ ኳሷን እየነጠቀ ይወስዳታል፤ እንግዳው ቡድን ሮጦ ሮጦ አገባ፤ ደግሞም አገባ። እህት አስቴር ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሜሮን በሩ ላይ ቆማ ክንዷን አጣጥፋለች፤ ፊቷ ላይ ደስታ የለም፣ ሐዘን የለም፤ ፈተና ላይ እንዳለ ሰው። ከዕረፍት በኋላ ግን የኛ ወርዋሪ፣ ያ ትከሻው ታሞ የነበረው፣ ኳሷን ዝቅ አድርጎ በነፋሱ ሥር መወርወር ጀመረ። አንዱ ተቀበለ። ሌላው ተቀበለ። አንድ ረጅም ልጅ በሦስት ሰው መካከል ዘሎ በአንድ እጁ ያዛት!

"ጎ! ጎ! ጎ!" የሚል ጩኸት ከበሩ በኩል መጣ። ሜሮን ነበረች። ሁለቱም እግሮቿ ሳሎኑ ውስጥ ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ለቤቴ እየጮህሽልኝ ነው!" አለቻት የሺመቤት።

ሜሮን አፏን በእጇ ሸፈነች። ወዲያው ደግሞ ረሳችው። ልጁ መስመሩን ሲያልፍ እናትና ልጅ ተያይዘው ዘለሉ፤ ጋሽ መኮንን ያገኘውን ሰው አቀፈ፣ እኔን ነበር፤ እኔም ተውኩት። ፍሪጁ ከኋላዬ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። በሁለት ነጥብ መራን።

የቀረው ከደቂቃ ያነሰ ነበር። እንግዳው ቡድን እየገፋ እየገፋ መጣ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል በእግር መምታት ብቻ ቀረው። ከገባ በአንድ ነጥብ ያሸንፋሉ። ካልገባ አለቀ። ሩቅ ነበር፣ በጣም ሩቅ፤ ነፋሱም ፊት ለፊት ነው።

"ከዚህማ አይገባም" አለ ጋሽ መኮንን። "አይገባም በይኝ፣ የሺ።"

"ከአራቱ አንዱ ይገባል" አለች የሺመቤት። ድምፅዋ እንደ ሴት ልጅ ቀጥኖ ነበር። ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታለች፤ ጉንጯ ቀልቷል።

ሜሮን ወለሉ ላይ ተንበርክካ ነበር። "ይሳት" ትላለች፣ "ይሳት፣ ይሳት፣ ፕሊስ ይሳት።" የጨረቃ ቅርጽ ያለው የጆሮ ጌጧ ተፈትቶ ወድቋል፤ አላየችውም። ለማን እንደምትለምን እሷም ያን ሰዓት የምታውቅ አይመስለኝም።

ሰውየው መታ። ኳሷ ወደ ቀኝ ሄደች። እህት አስቴር "ተመስገን!" አለች። ከዚያ ነፋሱ ከጎን መጣ፤ ኳሷን ቀስ አድርጎ መለሳት፤ ቀኙን ቋሚ መታች፤ የብረቱ ድምፅ ሳሎኑ ድረስ ተሰማ፤ ወደ ውስጥ ገባች።

እህት አስቴር እጆቿን ከሶፋው መደገፊያ ላይ አነሳች።

መጀመሪያ የተናገረችው የሺመቤት ናት። "አያችሁት?" አለች። ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ነበር። "ቋሚውን መትቶ እኮ ነው የገባው! በነፋሱ ተመልሶ! ከአሥር ሺው ውስጥ ስንቱ እንዲህ ያልቅ ይሆን?" ዓይኖቿ ያበሩ ነበር። በዚያች ሰዓት ከእኛ ሁሉ ደስ ያላት እሷ ነበረች ብል ሰው አያምነኝም፤ ግን አይቻለሁ።

የምታለቅሰው ያሸነፈችው ሜሮን ነበረች። ወለሉ ላይ እንደተንበረከከች የእናቷን ቀሚስ ያዘች።

"ማሚ፣ ይቅር። ጌም ነው። ሊዙን ቱሞሮው እናድሳለን።"

"የኔ ቆንጆ፣ ተነሺ።"

"እንድገመው" አለ ጋሽ መኮንን። "አሥር ሺህ ጊዜ ያጫወትሽ ሰው አንዴ ብትደግሚ ምናለ?"

የሺመቤት ወደ ሁላችንም ዞረች። ቁጣ አልነበራትም። "ሠላሳውን ካልተቀበልኩ፣ ሰባውን ስነግራችሁ የከረምኩት ለምንድን ነው?" አለች። "ያሸነፍኩ ዕለት ብቻ ቃሌን የምጠብቅ ከሆነ እውነትም ጠንቋይ ነኝ።"

እህት አስቴር ምን እንደምትሠራ ስላልገባት ፍሪጁን ከፈተች። ልከለክላት አልደረስኩም። ኬኩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ከዚያ የተጻፈውን አየችና እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። የሺመቤት መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። "እንኳን ቀረሽልን።" መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ ስትስቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ያን ቀን የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። "ቢላዋ አምጡ" አለች፤ "ኬኩ ጥፋት የለበትም።" ራሷ ቆርሳ ሰጠችን። ሁላችንም በላን። ጥሩ ኬክ ነበር።

ዕቃዋን ለመሰብሰብ በየካቲት መጨረሻ እየሄድኩ አገዝኳት። ብዙ ዕቃ አልነበራትም። የሜሮን የልጅነት ማልያ ከቁም ሳጥኑ ሥር ወጣ፤ አጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው። ስለ ዴይ ኬሩም፣ ስለ ካርዱም፣ ስለ ቀኑ ርዝመትም አንዴ አላነሳችም። አላነሳም ብላ ነበር።

በመጨረሻው ጠዋት ሜሮን መኪናዋን ከሕንፃው በር ፊት አቁማ ወጣች። ሻንጣዎቹ ቀድመው ወርደዋል። ቤቱ ባዶ ነበር፤ ድምፃችን ከግድግዳው እየተመለሰ ይሰማል። ሜሮን እጇ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች፤ አዲሱ ሊዝ ነበር፤ ከቢሮው ጠይቃ አምጥታዋለች።

"ማሚ፣ ላስት ታይም ነው የምጠይቅሽ። እዚህች ላይ ሳይን አድርጊ። አይ ሚን ኢት። እኔ ነኝ የምለምንሽ።"

የሺመቤት ወረቀቱን አልተቀበለችም። ቁልፎቿን ከመያዣው አንድ በአንድ አውጥታ የወጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ደረደረቻቸው። ካፖርቷን እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈች። እኔን ጉንጬን ሁለት ጊዜ ሳመችኝ። ላፕቶፑን ብብቷ ሥር አደረገችና ከሜሮን ቀድማ ወጣች።